ውኃችሁ ደርሶናል

ሰሞኑን ከእናቴ ጋር በስልክ ስንጫወት፣ ከሰላምታውና ከጤናው ጥያቄ ቀጥሎ የመጣው ወሬ የቦይ ወሬ ነበር። «አፉን እንደገና ደለል ይዞታል፤ ክረምቱ ሳይገባ ካልተጠረገ ዘንድሮም እንቅልፍ የለንም» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ «ለቀበሌው አመልክቱ» ልላት አፌን ከከፈትሁ በኋላ ዝም አልሁ። የዚያ ቦይ የመጀመሪያው ማመልከቻ የተጻፈው በእኔ እጅ ነው። ያ ማመልከቻ ያስከተለውን ጉዳትም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አንባብያን ሆይ፤ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ምርጫና ስለ ሕግ የበላይነት መጻፍ የሚቀናው ሰው ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። ታገሡኝ። ስለ መንግሥትና ስለ ዜጋ፣ ስለ መብትና ስለ ግዴታ ካነበብኋቸው ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ያ ቦይ አስተምሮኛል። የተማርሁትም በሰው ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ ዕዳ አለብኝ።

ድብ ባሕርን ለማታውቁ በጥቂቱ ላስተዋውቃችሁ። ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳማ ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ ደጋው በድንገት ያልቅና ሊማሊሞ ይጀምራል። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ከገደሉ ወገብ ላይ ጠርቦ ያወረደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ስንቱን ሾፌር እንዳስማለና ስንቱን ተሳፋሪ ዓይኑን እንዳስጨፈነ የሚያውቀው ያውቀዋል። ድብ ባሕር ያለችው ከዚያ ቁልቁለት ግርጌ ነው። ስሟ ባሕር ቢኖርበትም ባሕር የላትም። ባሕሩ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የሚመጣውም ከላይ ነው።

ልጅ ሳለን ጎርፍን በዓይናችን ከማየታችን በፊት በጆሯችን እናውቀው ነበር። እኛ ዘንድ ፀሐይ ሆኖ፣ ልብስ ተሰጥቶ፣ በርበሬ ተዘርግቶ ሳለ ከላይ ተራራው ይጠቁራል። ጥቂት ቆይቶ ከወደ ሸለቆው የከባድ መኪና ድምፅ የሚመስል ጉርምርምታ ይሰማል። ይሄኔ እናቶች በየስማችን እየጠሩ ከቦረቦሩ ያስወጡናል። አንዲት ጠብታ ባልወረደበት መንደር ድንጋይ የሚያንከባልል ውኃ ሲያልፍ ቆመን እናያለን። ከላይ የዘነበ ታች የሚያጠፋ መሆኑን ማንም ሳያስተምረን እንዲህ አወቅን።

ይህ ጠባይ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት ሲመታት፣ ውኃው የተሰበሰበው ከከተማዋ በላይ ካሉት ተራሮች ነበር። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው ወንዝ በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎችን ይዞ ሄደ። በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ፣ የኦሞ ወንዝ ከአፋፉ ወጥቶ በደቡብ ኦሞ ከ350 በላይ ሰዎችን ጨረሰ። ዋና ከተማችንም ብትሆን አልዳነችም፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወረደው ጎርፍ ሰባት ሰዎችን ገድሏል። ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ብርድ ልብስ ይታደላል፣ ባለ ሥልጣን ይጎበኛል። አባቶቻችን ይህን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሉታል።

ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የእናቴ ቤት ሁለት ጊዜ ውኃ ገባበት። ቤቷ የጭቃ ቤት ነው፤ ጭቃ ደግሞ ከሥሩ ከራሰ የላዩ ቆርቆሮ ምንም አያድነውም። እኔ በዚያን ጊዜ ጎንደር ከተማ ነበርሁ። እንደ ማንኛውም ፊደል የቆጠረ ልጅ የማውቀውን አደረግሁ፤ ብዕር አነሣሁ። የሰፈራችንን ሰዎች አስፈርሜ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ለማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት መስጠቱን ጠቅሼ፣ ሦስት ገጽ ማመልከቻ ጻፍሁ። ቢሮ ለቢሮ ተመላለስሁ። «ነገ ና» ስባል ነገ ሄድሁ፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስባል በር ላይ ቆምሁ። በመጨረሻም ተሳካልኝ። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከሰፈራችን በላይ ጀምሮ በእናቴ ቤት ጥግ የሚያልፍ፣ ግራና ቀኙ በድንጋይና በሲሚንቶ የታነጸ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ተሠራ። ርዝመቱ ከሁለት መቶ እርምጃ አይበልጥም። ሰፈሩ ግን እንደ ትልቅ ግድብ ቆጠረው። እናቴ ጠላ ጠመቀች፤ ሠራተኞቹን መረቀች። እኔንም «ተምሮ ለወገኑ የሠራ ልጅ» እያሉ አመሰገኑኝ፤ ምስጋናው ደስ አላለኝም ብል ዋሾ እሆናለሁ።

ያን ጊዜ ያላየሁት አንድ ነገር ነበር። ቦዩ የት እንደሚጀምር ሁላችንም እናውቃለን። የት እንደሚያልቅ ግን ማናችንም አልጠየቅንም። ያለቀው በጀቱ ያለቀበት ቦታ ላይ ነው። ያ ቦታ የእኛ ጎጥ ከታችኛው ጎጥ የሚዋሰንበት ነበር፤ ከዚያም በታች፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወርዶ፣ የአንዲት አሮጊት ቤት አለ።

እስቲ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አርባ ካሬ ሜትር የሆነ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,200 ሊትር ውኃ ይሆናል። ይህ በባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ስድሳ ጀሪካን ነው። አንድ መቶ ቤት ያለው ሰፈር በአንድ ከሰዓት ከጣሪያው ብቻ ስድስት ሺህ ጀሪካን ያወርዳል። ቀድሞ የሣር ክዳን በነበረ ጊዜ ሣሩ ጥቂቱን ይመጥ፣ የቀረውን ቀስ እያለ ያንጠባጥብ ነበር፤ ቆርቆሮ ግን ወዲያው ይጥለዋል። ከሰፈሩ በላይ ያለውን ዳገት ደግሞ ጨምሩ። ዐሥር ሄክታር በሆነ ተዳፋት ላይ ያው 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ግማሹ ብቻ ወደ ታች ቢፈስስ 1,500 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ሁሉ ውኃ ቀድሞ በሰፈሩ ላይ ተበታትኖ፣ በየአጥሩ እየተሰነጠቀ፣ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እየጎዳ ያልፍ ነበር። ቦዩ ሰበሰበው። ለስላሳው የሲሚንቶ ግድግዳ ደግሞ ፍጥነት ጨመረለት። አንድ ላይ የሆነና የፈጠነ ውኃ ተበታትኖ ከሚፈስሰው ይልቅ ይቆርጣል፤ ያንከባልላል፤ ይቆፍራል። ቦይ ውኃን አያጠፋም፤ ቦታ ያስለውጠዋል። ይህን ማንም የገበሬ ልጅ ያውቀዋል፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ማመልከቻዬ ላይ ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፍሁትም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ የሆነውን ሰምቼ መጣሁ። የእናቴ ቤት ደረቅ ነበር። ከታች ግን የአሮጊቷ ማድቤት ፈርሷል። የማሽላ ጎታቸው ከሥሩ ረጥቦ ተንዷል፤ ማሽላው ከጭቃ ጋር ተለውሷል። አራት ዶሮዎችና አንዲት የምትታለብ ፍየል ሄደዋል። ሰው አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ባል የሞተባት አሮጊት የዓመት ቀለቧ ከሄደ ምን ቀራት?

ልጠይቃቸው ወረድሁ። በልጅነቴ ከቤታቸው ቆሎ በልቼ አድጌአለሁ፤ ስሜን ሳይሆን «ልጄ» ብለው ነው የሚጠሩኝ። ይቆጡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሳቸው ግን ከተረፈው የቤታቸው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው የረጠበውን ማሽላ በሰፌድ ይለያሉ። ቀና ብለው አዩኝና «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ከዚያም ጎረቤት የላከውን ጸበል ጸዲቅ ደረሰኝ እንደሚሉ ያህል ረጋ ብለው «ውኃችሁ ደርሶናል» አሉ።

«ውኃችሁ።» ይቅርታ ልጠይቅ ጀምሬ ቃሉ አላልቅ አለኝ። ያ ውኃ የሰማይ ነው ልል እችላለሁን? አልችልም። ከሰማይ የወረደው ውኃ የሁሉም ነበር፤ በቦይ ሰብስበን ወደ እርሳቸው ደጅ ከላክነው በኋላ ግን የእኛ ሆኗል። የእኛም ብቻ አይደለም፤ ፊርማው የእኔ ነበረና የእኔ ውኃ ሆኗል።

በማግስቱ ቦዩን ወደ ሠራው ቢሮ ሄድሁ። ፋይሉ ተፈልጎ ወጣ። ሪፖርቱ ላይ «መቶ በመቶ የተጠናቀቀ» ይላል፤ ፎቶግራፍም ተያይዟል። በፎቶግራፉ ላይ የቦዩ መጀመሪያና መካከል ይታያል፤ መጨረሻው አይታይም። የሰማሁት መልስ በሦስት ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ነበር። አንደኛ፣ ሥራው በተፈቀደው በጀት ልክ ተሠርቷል። ሁለተኛ፣ የታችኛው ጎጥ በዚያ ዓመት ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። ሦስተኛ፣ ተጎጂዋ ማመልከት ይችላሉ። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻይም ጋብዞኛል። የነገረኝ ሁሉ በወረቀቱ መሠረት እውነት ነበር። የአሮጊቷ ማድቤት ግን በእውነተኛ ወረቀቶች መካከል ፈረሰ።

ከዚያ ቢሮ ስወጣ የልጅነት ተረት ትዝ አለኝ። ጅብና አህያ ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ። ጅቡ ከላይ ነው፣ አህያይቱ ከታች። ጅቡ «ለምን ውኃውን ታደፈርሽብኛለሽ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ ውኃ ወደ ላይ እንደማይፈስስ የምታውቀው አህያ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። ተረቱን ሁላችንም የምናውቀው የጨቋኝን ምክንያት ለመሳቅ ነው። ሁልጊዜም ራሳችንን በአህያይቱ ቦታ እናስቀምጣለን። እኔም ዕድሜዬን በሙሉ በአህያይቱ ወገን ቆሜ የጻፍሁ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ነሐሴ ግን ከወንዙ በላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

መፍትሔው ከወዴት መጣ? ከሽማግሌዎች። በአገራችን ገበሬ ዘንድ «ፈሰስ» የሚባል ነገር አለ። በክረምት እርሻው ውኃ እንዳይቋጥር፣ አፈሩም እንዳይታጠብ፣ በማረሻ አግድም ሰያፍ የሚወጣ ትልም ነው። ፈሰስ ሲወጣ ዋናው ክርክር ስለ መነሻው አይደለም፤ ውኃው በማን ማሳ በኩል ይወጣል የሚለው ነው። ፈሰሱን አለ አግባብ በጎረቤቱ ማሳ ላይ የለቀቀ ሰው ይከሰሳል፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። የላይኛውና የታችኛው ባለማሳ ሳይነጋገሩ የወጣ ፈሰስ የጠብ ዘር መሆኑን ገበሬው ያውቃል። እንግዲህ ይህ እውቀት በየማሳው እያለ፣ ሲሚንቶና ጨረታ ሲመጣ ምን ዋጠው?

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ የሁለቱ ጎጥ ሽማግሌዎች ከዋርካ ሥር ተቀመጡ። አሮጊቷም ነበሩ፤ በማመልከቻዬ ጊዜ ማንም ያልጠራቸው ሰው አሁን ፊት ተቀምጠው ተናገሩ። ቦዩ ከቆመበት ተነሥቶ፣ ቤታቸውን ዞሮ፣ ድንጋያማው ቦረቦር ድረስ መውረድ ነበረበት። መንገዱ ላይ የአንድ ሰው የማሽላ ማሳ አለ፤ ባለማሳው ከዳር ሁለት ክንድ ስፋት እንዲለቅ ተጠየቀ። አንገራገረ። ይገባዋል፤ መሬት ለገበሬ ምን እንደሆነ ለማናችሁም አልነግራችሁም። በመጨረሻ የላይኛው ሰፈር በየዓመቱ አንድ ቀን በደቦ ሊያርስለት ተስማማ፤ እርሱም ለቀቀ። በሦስት ቅዳሜ ተቆፍሮ አለቀ። ሲሚንቶ አልነበረንም። ቁልቁለቱ የሚበረታበት ቦታ ላይ ውኃው እየተንደረደረ እንዳይቆፍር በየጥቂቱ ርቀት ደረጃ ሠራን፤ ከግርጌው ትልልቅ ድንጋይ አነጠፍን። መጨረሻው ላይም ቦረቦሩን እያሰፋ ወደ ኋላ እንዳይበላን የድንጋይ ክትር ተደረደረ። እኔም ከጎንደር እየወረድሁ ቆፈርሁ፤ እጄ አበጠ። ሰዎቹ ሳቁብኝ። መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ በሦስት ገጽ ወረቀት ያለቀ ስለ ነበር ሳቁ ይገባኛል።

የአሮጊቷ ማድቤት በዚያው በደቦ ተሠራ። በዚያ ዓመት ክረምት ውኃው በአዲሱ መንገድ ወረደ። የማሽላ ጎታቸው ግን እንደ ቀድሞው ለመሙላት ሁለት መኸር ፈጅቶበታል።

ይህን የምጽፈው «መንግሥት አያስፈልግም፤ ደቦ ይበቃናል» ለማለት አይደለም። ደቦ ሊማሊሞን አይጠግንም። በቆላው ሁሉ ላይ የሚወርደው ውኃ የሚመነጨው ከደጋው እርሻ፣ ከመንገዱ ዳርቻና ከከተማው ጣሪያ ነው። በትግራይ መቀሌን ከአድዋ የሚያገናኘው መንገድ በ1986 ዓ.ም. ግድም ከተሠራ በኋላ፣ የአፈር መሸርሸርን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ከመንገዱ ሥር ከሚያልፉት ቱቦዎች በታች አዳዲስ ቦረቦሮች መፈጠራቸውን መዝግበዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መንገዱ በዳገቱ ላይ ተበታትኖ ይፈስስ የነበረውን ውኃ በዲቹ እየሰበሰበ በየቱቦው አፍ አንድ ላይ ይተፋዋል። መንገዱ ዳነ፤ ማሳው ተሰነጠቀ። የእኔና የእናቴ ታሪክ በትልቁ ሲጻፍ ይህን ይመስላል። በሊማሊሞ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ከመኪናው መስኮት ወደ ታች ቢመለከት ከየቱቦው አፍ የሚጀምር ጠባሳ ያያል።

የሚገርመው ደግሞ አገሪቱ ሦስቱንም ሥራ መሥራቷ ነው። በክልላችን ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ገበሬው በየበጋው በነፃ ጉልበቱ ለተፋሰስ ልማት እየወጣ እርከን ሠርቷል፣ ክትር ደርድሯል። መንገድ ሠሪው ቱቦና ዲች ይሠራል። ከተማውም ቦይ ይሠራል፤ ኮብልስቶን ያነጥፋል። ሦስቱ ዕቅዶች ሦስት ቢሮ፣ ሦስት በጀትና ሦስት ሪፖርት አላቸው። ውኃው ግን አንድ ነው። የቀበሌን ወሰን አያነብም፤ የበጀት ዓመት መዝጊያ ሰኔ 30 መሆኑንም አያውቅም። በበጀት መዝጊያ ዋዜማ ተጣድፎ የተሠራ ቦይ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ሐምሌ ይደርስበታል።

ከመሥራት ይልቅ የሚከብደው ደግሞ መጠበቅ ነው። የእኛ ቦይ ይህንም አስተምሮኛል። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በየግንቦቱ አንድ ቅዳሜ ደለሉ ይጠረግ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ድብ ባሕር አካባቢ ደረሰ። ሰው ነፍሱን ይዞ ወደ ላይ ሸሸ፤ እናቴም በእግሯ ሊማሊሞን ወጣች። ማን ስለ ቦይ ያስባል? ስትመለስ ቤቷ ቆሞ ነበር፤ ቦዩ ግን በጭቃ፣ በላስቲክና በወደቀ ካብ ተሞልቷል። ከዚያ ወዲህ አንዱ ዓመት ይጠረጋል፣ ሌላው ዓመት ይቀራል። ወጣቱ ተበትኗል፤ በክልሉ ሰላም ከጠፋ ወዲህም በአንድ ቅዳሜ ሃምሳ ሰው አካፋ ይዞ መሰብሰቡ ራሱ የሚያሳስብ ነገር ሆኗል። ደለል ግን የሰላም ስምምነት አይጠብቅም፤ በየክረምቱ ሥራውን ይሠራል።

አንዳንድ ሰው «አገር በእሳት ላይ ሳለች ስለ ቦይ ታወራለህን?» ይለኛል። አዎን፣ አወራለሁ። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ተንሸራትቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሲቀበሩ፣ ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሲቆፍሩ ነው። በወሩ፣ በነሐሴ፣ በራሳችን በሰሜን ጎንደር ጠለምት ውስጥ መሬት ተንዶ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ያን የሚያህል ናዳ በአንዲት ቦይ ይቆማል አልልም። ነገር ግን ጦርነት ያለበት ክረምትም ክረምት ነው። ዝናቡ የሚወርደው ማን እንደሚያስተዳድር ሳይጠይቅ ነው።

የጎንደር አባቶች ውኃን ያውቁት ነበር። የዐፄ ፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ቦይ ይሞላል፤ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ውኃው ይለቀቃል። መግቢያውን ያበጀው ሰው መውጫውንም አስቦ ነው ያበጀው። እኛ ግን ዘመናችንን ሁሉ መግቢያ እንመርቃለን። ሪባን የሚቆረጠው መነሻው ላይ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሪባን ሲቆረጥ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ከዚያ ቦይ የተማርሁትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ መውጫው ያልታወቀ ቦይ መጀመር የለበትም። ገንዘቡ እስከ መውጫው የማይደርስ ከሆነ፣ ሥራው ከታች፣ ከመውጫው በኩል ተጀምሮ ወደ ላይ ይምጣ። ያኔ በጀቱ ቢያልቅ እንኳ ያልተጠቀመ ሰው ይኖራል እንጂ የተጎዳ አይኖርም።

ሁለተኛ፣ ዕቅዱ ሲወጣ የታችኛው ሰው ይጠራ። ማመልከቻ የሚጽፈው ዘወትር ጽሕፈት የሚያውቅ ልጅ ያለው ሰው ነው። አሮጊቷ የሚጽፍላቸው አልነበረም፤ ስለዚህም በወረቀቱ ላይ አልነበሩም። በወረቀት ላይ የሌለ ሰው ቤት ላይ ውኃ መልቀቅ ቀላል ነው።

ሦስተኛ፣ ለመሥሪያው ገንዘብ የተመደበ ዕለት ለመጥረጊያውም ይመደብ። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ መንገድ ከነዳጅ ከሚሰበሰብ ገንዘብ ለጥገናው የራሱ ድርሻ እንዲኖረው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ቦይ ይህን ያህል አይጠይቅም። በየግንቦቱ ጥቂት የቀን ሠራተኞች፣ ጥቂት አካፋ፣ ኃላፊነቱ በስሙ የተመዘገበ አንድ ሰው ይበቃዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለእናቴ መልሼ ደወልሁ። «ለመጥረጊያው እኔ እልካለሁ፤ ነገር ግን ከላይ አትጀምሩ፤ ከታች፣ ከክትሩ ጀምሩ» አልኋት። ሳቀች። «እርሳቸውም እንዲሁ ብለዋል» አለችኝ። አሮጊቷ ዛሬ በደንብ አይራመዱም፤ ሆኖም ጥርጊያው ሲጀመር በበርጩማ ተቀምጠው መጨረሻው ላይ ካልዋሉ አይሆንላቸውም አሉ። ቦዩ ባለቤት አገኘ ማለት ነው። በየትኛውም ቢሮ ፋይል ውስጥ ስማቸው የለም።

የተላከላቸው ውኃ በደኅና ያልፍ ዘንድ፣ እኛም ከላይ የቆምን ሁሉ ወደ ታች ማየት እንለምድ ዘንድ ምኞቴ ነው።

ክረምቱን የምሕረት ያድርግልን። ቸር እንሰንብት።